የወንዝ ማዶ ሰዎች ዳቦ

በንፋስ መውጫ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ዓርብ ዕለት ስለ ፖላንድ አወራሁ። ሲሌዥያ በሚባለው ግዛት አንዳንዶች ራሳችንን እናስተዳድር ቢሉ የፖላንድ ብሔርተኞች «ከፋፋዮች» እንደሚሏቸው ነግሬ፣ ከተማሪዎቼ ጋር በብሔርተኞቹ ተሳለቅን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀመጥን። የወንዝ ማዶ ሰዎች፣ ክረምት ወንዙ እየሞላ ሬሳ ማሻገር ስላቃታቸው፣ የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን እንትከል አሉ። አላስችል ብሎኝ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ ተነሣሁና «ደብራችንን ልትከፋፍሉ ነው» አልሁ። ቃሉን ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት። ሰዉ ግን «እውነቱን ነው» አለ፤ እኔም ተቀምጬ ዳቦዬን አነሣሁ።

እነሱ ወንዙ ሳይሞላ ብለው ቀድመውን ሄዱ። የዕለቱን ዳቦና ጠላ ለማምጣት ተራው የእነሱ ነበር። በእጄ የቀረው ቁራሽ በዝናብ ተሸክመው ያመጡልን ነው።