እትዬ ሳሙና እና የአባት ጃኬት

መጀመሪያ ውሃውን በክርኗ ትለካዋለች፤ ለብ ካላለ አትጀምርም። ከዚያ የሕፃኗን እጅ በመዳፏ ይዛ ሳሙናውን በጣቶቿ መካከልና በጥፍሮቿ ሥር ታሻሻለች። ታለቀልቃለች፤ እንደገና ትደግማለች። በንጹሕ ወረቀት ታደርቅና አንዷን ጣት ምንም ሳታስነካ ወደ ላይ ቀስራ ትይዛታለች፤ ቆዳ ላይ የቀረች ብናኝ የደሙን ምርመራ ታሳስታለችና። በመርፌ ወጋ ታደርጋታለች። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጋ ትጥላለች፤ ተከታዩን በቀጭን ቱቦ ትቀበላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አፏን ሳትከፍት ታንጎራጉራለች። ዜማውን ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ልጆቹ "እትዬ ሳሙና" ይሏታል፤ ዶክተሩም ሲያመልጠው እንደዚያው ይጠራታል።

በዚያ ሰሞን እጇ ላይ የወደቀችው የባትሪ ጠጋኝ ልጅ ነበረች። አባቷ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን ፈትቶ ያድሳል። በባትሪ ሆድ ውስጥ ያለው ግራጫ ከባድ ብረት፣ እርሳስ፣ እንደ ዱቄት በንኖ ትንሽ ሰውነት ከገባ አጥንት ውስጥ ይተኛል፤ አእምሮን ይጎዳል። ልጅቷ አፏን ከፈታች በኋላ የለቀመቻቸውን ቃላት እየጣለች፣ "እማ" ማለት እንኳ ጠፍቶባት ነበር የመጣችው።

መድኃኒቱ እርሳሱን ከደም እየለቀመ በሽንት ያስወጣል። ሽታው ግን የተበላሸ እንቁላል ነው። እትዬ ሳሙና እንክብሉን ከፍታ በተፈጨ ሙዝ ትለውስና ፊቷን ሳታጨማድድ "እምምም!" ትላለች።

"ሲስተርዬ፣ እንዲህ ስትዋሺ እግዜር አያይሽም?" ትላለች እናት እየሳቀች።

"ያየኛል። ግን እሱም አፍንጫውን ይዟል።"

ልጅቷ እንቅልፍ እምቢ ስትል እናት የአባቷን የሥራ ጃኬት አመጣች። "ቤትም ይህንን ሳታቅፍ አትተኛም" አለች። እትዬ ሳሙና ራሷ አጥፋ ራስጌዋ አደረገችላት። ልጅቷ እጅጌውን አፏ ውስጥ ከትታ ጭልጥ አለች። ክፍሉም አብሯት የተኛ መሰለ፤ መጋረጃው ይተነፍሳል፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደ ውሃ ይንሳፈፋል።

የእርሳሱ መጠን ግን አልወርድ አለ።

"ቤት እንዳንል ቤት አይደለችም" አለ ዶክተሩ። "እዚሁ እያገኘችው ነው።" እትዬ ሳሙና የገዛ አስተጣጠቧን ጠረጠረች። አጥባ፣ አለቅልቃ፣ ደግማ ደም ወሰደች። ያው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ሸለብ ሲያደርጋት፣ የፀሐይ ጨረር ጃኬቱ ላይ አረፈ። ልጅቷ በእንቅልፏ እጅጌውን ሳብ አደረገች። ደቃቅ ብናኝ ተነሣ፤ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ዞረ፣ አብረቀረቀ፣ ከንፈሯ ላይ ወረደ። ያምር ነበር፤ ሕልም እንጂ እውን አይመስልም። ከዚያ እትዬ ሳሙና ክው ብላ ነቃች።

አባትየውን በር ላይ ጠበቀችው። "ወንድሜ፣ እርሳሱ ከጃኬትህ ነው።"

"እጄንማ እስኪላጥ ታጥቤ ነው የማቅፋት!"

"እጅህን መቼ አልኩህ? ጃኬቱን ነው።"

"እኔን እኔን ስለሚሸት እኮ ነው፣ ሲስተር። ስወጣ ተኝታ፣ ስገባ ተኝታ። ሌላ ከእኔ ምን አላት?"

"አውቃለሁ። አጥፌ ያስታቀፍኳትም እኔው ነኝ።"

ጃኬቱ በላስቲክ ታስሮ ወጣ። አንሶላው ተቀየረ፤ አልጋውና ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተወለወለ። በማግስቱ አባት ሥራ ቦታው ገላውን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ መጣ። ልጅቷ አሸተተችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውየው እንደ ባዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አቀረቀረ።

እትዬ ሳሙና መስኮቱን እየወለወለች ማንጎራጎር ጀመረች። አባትም ተቀበላት፤ ድምፁ ያረጀ ሞተር ነው፣ ዜማውን ያንገጫግጨዋል። ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። ድምፁን ታውቀዋለች። ጭንቅላቷን ንጹሕ ሸሚዙ ላይ ጣል አደረገች።

መጠኑ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወረደ። የጠፋው ሁሉ ይመለስ እንደሆነ ዶክተሩም ቃል አልገባም። መጀመሪያ የተመለሰችው ቃል "ሙዝ" ናት፤ እናት እስከ ዛሬ እንደተቀየመች ነው።

እትዬ ሳሙናም ይህን ለምታነቡ ልመና አላት። ባትሪ የምትፈቱ፣ እርሳስ የምታቀልጡ፣ እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለም የምትፍቁ ሁሉ፣ የሥራ ልብሳችሁን እዚያው አውልቃችሁ፣ ታጥባችሁ ግቡ። ከዚያ ልጆቻችሁን እቀፏቸው። ሽታችሁ ጠፍቷቸው ፊት ቢነሷችሁ፣ እባካችሁ፣ አንጎራጉሩላቸው።