ካሴት እስኪገለበጥ

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ በነበረችኝ ጠባብ ሱቅ ካሴት ወደ ሲዲና ወደ ኤምፒስሪ እገለብጥ ነበር። ከሚመጡልኝ ካሴቶች አብዛኞቹ ዘፈን አልነበሩም። መጻፍ የማይችሉ የወሎ እናቶች ሰላምታቸውን፣ ምርቃታቸውንና መንዙማቸውን በቴፕ ቀርጸው፣ ካርቱም ላሉ ልጆቻቸው በሰው እጅ የላኩት ደብዳቤ ነው። እኔ ከእናቴ የተላከልኝ አንድም ካሴት የለኝም። የሰው እናት ስሰማ እውል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እቀናም ነበር።

አንድ ጁምዓ፣ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ካሴቷን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። እናቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከመደጋገሙ ብዛት መንጫረር ጀምሯል።

«ወንድሜ፣ ሳይበጠስብኝ ገልብጥልኝ» አለችኝ። «ለሚመጣው ጁምዓ፣ ኢንሻላህ።»

ሥራዬን ማሳመር እወዳለሁ። የምትፈልገውን ቶሎ እንድታገኝ ብዬ ቅጂውን ከፋፈልኩት፤ ሰላምታው ለብቻ፣ ምርቃቱ ለብቻ፣ ረጅሙ መንዙማ ደግሞ ለሁለት። በጁምዓው መጣች፤ ቅጂውን በራሷ ማጫወቻ ጫንኩላት፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና መንዙማው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተቋጠረ።

«እማ እዚህ ጋ ትደናቀፋለች» አለች። «እማ ደግሞ መንዙማ ላይ ተደናቅፋ አታውቅም።»

ሰማሁት። አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪጀምር ድምፁ ለቅጽበት ይጠፋል፤ የእናትየው ቃል መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል።

«ማሊሽ፣ አይዞሽ፣ መሣሪያሽ ነው» አልኳት። አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸው ነበር።

መሣሪያዋ አልነበረም። በእኔም ማጫወቻ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ወደ ሲዲ ገለበጥኩት፤ ለካ ኮምፒውተሩ በየክፍሉ መሃል የሁለት ሰከንድ ዝምታ ከራሱ ይጨምራል። እሱን ዜሮ አደረግኩት፤ ትንሽዬ ስንጥቅ ግን አልጠፋ አለች። ሳምንቱን ሙሉ እልህ ተያያዝን። በመጨረሻ ገባኝ፤ ድምፁ ወደ ኤምፒስሪ ሲታመቅ በእያንዳንዱ ፋይል ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዝምታ ይለጠፍበታል። ቢያጠጋጉት አይገጥምም። መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ አለመቁረጥ ነበር።

ስለዚህ ካልታመቀው ቅጂ ተነስቼ ሁሉንም አንድ ረጅም ፋይል አደረግኩት። ሥራ ከተገኘ አይቀር ብዬ የካሴቱን ሁለት ገጾችም አንድ ላይ ሰፋኋቸው። በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ የነበረውን ሹክሹክታ፣ ኮሽታና ቁርጥራጭ ንግግር ቆርጬ ጣልኩ። አዲሱን ቅጂም በአሮጌው ላይ ደርቤ አስቀመጥኩ፤ የቀድሞው ጠፋ። አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንከን የለውም። ጁምዓን እንደ ዒድ ጠበቅኳት።

መጣች፤ ሰማች። መንዙማው ላይ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ድንገት ማዳመጫውን አወለቀች።

«ገልብጪው የምትለኝስ የት አለ?»

«የቱ?»

«ገልብጪው ትለኛለች እኮ! ቴፑ ሊያልቅ ሲል፣ ‹አልጨረስኩም፣ ገልብጪው ልጄ› ትላለች። እኔም እሺ እማ ብዬ እገለብጠዋለሁ። ከሞተች ወዲህ እኔን የምታዘኝ እዚያች ጋ ብቻ ናት።»

በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ መቅዳትም መገልበጥ ነው፣ ማዞርም መገልበጥ ነው። እኔ የሰማሁት የራሴን ሥራ ብቻ ነበር። አፈርኩ። ቃሉ ያለው አሁን ካሴቱ ላይ ብቻ እንደሆነና ዳግመኛ ሲጫወት ሊበጠስ እንደሚችል ሳልደብቅ ነገርኳት።

ካሴቱን ትንሽ አየችውና «ያላ፣ ቢስሚላህ» ብላ ቁልፉን ራሷ ተጫነችው።

ተንጫረረ፤ ወፈረ፤ ቀጠነ። ከዚያ እናትየው «አልጨረስኩም፣ ገልብጪው ልጄ» አሉ። ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሪባኑ አልተበጠሰም።

ሲጫወት የቀዳሁትን ቃል ቦታው መለስኩት። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ሳምንቱን ሙሉ ዝምታ ስገድል ለሰነበትኩት ለእኔ እንግዳ ነበር።

«ምን ያህል ዝምታ ልተውልሽ?»

ቴፑን ከፈተች፣ ካሴቱን አወጣች፣ ገለበጠች፣ መለሰች፣ ዘጋች፣ ተጫነች። ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ሰከንድ። ዘጠኝ ሰከንድ ባዶ አስገባሁላት።

ባንኮኒው አጠገብ ቆማ ሰማችው። ቃሉ ሲደርስ በቀስታ «እሺ እማ» አለችና፣ እጆቿ ምንም ያልያዙ መሆናቸውን ረስታ አየር ላይ ገለበጠቻቸው። ጠበቀች። እናቷ ቀጠሉ።

እሷ ከሄደች በኋላ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሳይኖር ተቀምጬ ናፍቆቴን አዳመጥኩ። ከአገር ስወጣ እናቴ ከጓዳ ሆና «በሩን ገርበብ አድርገው» ብላኝ ነበር። ተጣድፌ ነበር። እሺ ማለቴን አላስታውስም።