ለአንድ ቃል የከፈልነው ምሳ

ፖሊሶች የያዙኝ ሰርቪስ ቤቴን በተከራየው ልጅ ምክንያት ነው። ልጁን ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ከሰፈሬ ከአማኑኤል እስከ ፖሊስ ጣቢያው መኪና ውስጥ የማስበው ስለ ፖለቲካ አልነበረም፤ ቡታጋዙን መዝጋት አለመዝጋቴን ነበር። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ፍራሽ ሽታ ነው። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ፌስታሎች አየሁ። የእያንዳንዷ ሴት ንብረት በየፌስታሏ ነበር።

የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ የሚሏት፣ በርበሬ በረንዳ በጅምላ የምትነግድ ሴት ነበረች። የምተኛበትን አሳየችኝ፤ የልጆቼ ስንቅ እስኪደርስ ከሌሎቹ ጋር እንድበላ አዘዘችኝ። እዚያ ከየቤቱ የመጣው ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ማን አመጣ፣ ማን አላመጣ አይባልም።

አንዲት ልጅ ግን ትሪው ጋ አትቀርብም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ስልኳ ላይ በተገኘ ጽሑፍ ነው የታሰረችው። ከክፍለ ሀገር የመጣች ስለሆነች ስንቅ የሚያቀብላት ዘመድ የላትም። ምግብ ሲቀርብ ጠግቤያለሁ ብላ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ሲለምኗት ይብስባታል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። እኔ ልጆቼ አንድ ጉርሻ ሲያስተርፉ እንኳ የምጨነቅ ሴት ነኝ፤ ይህን አይቼ እንዴት ይቻለኛል።

«ተያት፣ አትለምኛት» አለችኝ ካቦዋ በጆሮዬ። «በነፃ የሚሰጥ ዕቃ እኛም ገበያ ማንም አይነካው።»

ይህን ነገር ሳመላልስ አደርኩ። ጠዋት ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። መርማሪው ሰርቪሱ ውስጥ ማን ነበር እያለ እንዳደረቀኝ ነገርኳትና፣ ሰርቪስ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም።

አገልግሎት ማለት ነው አለችኝና ዞረች። ታዲያ የጓሮ ክፍል እንዴት አገልግሎት ይባላል አልኳት። ድሮ አገልጋዮች ስለሚያድሩበት ይሆናል አለች። ይህን ጊዜ ካቦዋ ጣልቃ ገባች፤ እሷ የምታውቀው ሰርቪስ የጭነት መኪናዋን ዘይት የምታስቀይርበት ነው። ፋብሪካ የምትሠራ ሌላ እስረኛ ደግሞ፣ በሰርቪስ እንመላለሳለን፣ ሥራ ስንለቅም ሰርቪስ ይከፈለናል አለች።

አስተማሪዋ ከተኛችበት ተነስታ ተቀመጠች። ፈረንጆቹ የቤተ ክርስቲያን ጸሎትም፣ የወታደር ግዳጅም፣ አንድ ዓይነት የሻይ ዕቃም፣ ቴኒስ ሲጀመር የምትመታዋን ኳስም በዚሁ ቃል እንደሚጠሩ እየቆጠረች አስረዳችን። ድምፅዋ እየጠራ ሄደ።

«ጸሎቱም የሞተር ዘይቱም አንድ ቃል?» አለች ካቦዋ። «ቃል አጥሯቸው ነው እንዴ? መጥተው ከኛ በጅምላ ይውሰዱ።»

ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ምሳ ሲመጣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ቲቸር፣ አስተማሪ ደሞዙን ሳይቀበል አይሄድም። ነገም ሌላ ቃል እንፈልጋለን» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ነገሬ እንደገባት ዐይኗ ላይ ይታያል። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር።

«እርስዎ ግን የቤት ሥራ አለብዎት፣ እትዬ» አለችኝ። «ሰርቪስ የሚለው ቃል ያለበት አምስት ዓረፍተ ነገር። ነገ እጠይቅዎታለሁ።»

ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ እጇን ታጠበች፤ ሻርፗን አስተካክላ ትሪው ዳር ተቀመጠች። ጠጋ ጠጋ አልንላት። ማንም ትኩር ብሎ አላያትም፤ ማንም አላጎረሳትም። በገዛ እጇ እየቆረሰች፣ ሳትቸኩል በላች።

ሁለታችንም ከእስር በሰላም ወጥተናል። እሷ ወደ ተማሪዎቿ ተመልሳለች፤ በዓል ሲመጣ ትደውልልኛለች። አሁን ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ፤ ብሉ ቢባሉ ጾም ነኝ የሚሉ። ምስር የምለቅም ቀን ዐይኔ ደክሟል፣ አግዙኝ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ለቅመን ስንጨርስ ምሳ ይደርሳል።