ለተኛ ሰው የሚሆን አክስል

የሥራ ባልደረቦቹ «ኡኡታ» ይሉት ነበር። ኡኡ የሚለው ግን የሚነዳው አምቡላንስ እንጂ እሱ አልነበረም፤ እሱ ካልጠየቁት የማይናገር፣ ሲጠይቁትም በግድ የሚመልስ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ እንደወጣ ግቢው ውስጥ ብረት መከመር ጀመረ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ተሳቢ።»

«ምን የሚጭን?»

«እኛን።»

ሚስቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ሐይቅ ዳር ማደር ትመኛለች። ግን ወገቧን ያማታል፤ ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ተኝታ ማደር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና መስኮት ያላት፣ ከመኪናቸው ኋላ የምትጎተት ክፍል ሊሠራላት አሰበ። ብረቱን የሚበይደው የሚስቱ ወንድም ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የባሰ በያጅ።

የጣራውና የግድግዳው ነገር አላከራከራቸውም። ያከራከራቸው ሁለቱ ጎማዎች የሚገጠሙበት አክስል ነው። አሮጌ መኪኖች እየተፈቱ የሚሸጡበት ግቢ ገብተው ሲዞሩ፣ በያጁ ከጭነት መኪና የወጣ አክስል አጠገብ ቆመ። ንዝረቱን የሚችለው ባሌስትራው ድርብርብ ብረት ነው፤ ጎማው እስከ ጭኑ ይደርሳል።

«ይሄ ነው እንግዲህ! ዝሆን ቢጫንበት ወይ ፍንክች።»

«ዝሆን አንጭንም» አለ ኡኡታ።

«ኧረ ተወኝ! ጠንካራ ነገር መቼ ሰው ጎድቶ ያውቃል?»

ኡኡታ ዓይኑ ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር። ፊቷ የተጨፈለቀ አንዲት የቤት መኪና ጥግ ላይ ቆማለች፤ የኋላ አክስሏ ምንም አልሆነም። ጎንበስ ብሎ የጎማዋን ቸርኬ አየ። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ከራሱ መኪና ጋር አንድ ነው። ይህንን ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ክርክር አይወድም። በያጁም ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረው። ትልቁ አክስል ተገዛ።

ክፍሏ ተሠርታ ስታልቅ ከመሬት በጣም ራቀች። ሚስትየው በሩን ቀና ብላ አየችና፣ «ሐይቅ ነው የምትወስዱኝ ወይስ ሰማይ?» አለች።

«ደረጃ እበይድልሻለሁ፣ እህቴ» አለ ወንድሟ።

ኡኡታ አልጋው ላይ ፍራሽ አነጠፈና የመኪናውን ቁልፍ ለበያጁ ሰጠው። «ንዳ።»

«አንተስ?»

«እተኛለሁ።»

ከሰፈሩ ጀርባ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ አለ። እዚያ እንደገቡ ኡኡታ ፍራሹ ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ድንጋይ በጀርባው ቆጠረው። ጭንቅላቱ ከትራሱ እየተነሳ ይመለሳል፤ ጥርሱ ይጋጫል። ግድግዳውን ደበደበ። በያጁ ሬዲዮ ከፍቶ እየዘፈነ ነው። የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ከአልጋው ተነስቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ያኔ ያ ዝምተኛ ሰው አንጀቱ እስኪበጠስ ጮኸ። የሰማው የለም።

በሩ ሲከፈት ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምነው፣ ተመታህ እንዴ?»

«ለካ እንዲህ ነው» አለ ኡኡታ።

«ምኑ?»

«ከኋላ ተኝቶ መሄድ።» ክርኑን አሻሸ። «ስንት ዓመት ሙሉ ከፊት ነበርኩ። ወገቡ የተሰበረ፣ ምጥ የያዛት... ተኝቼ አይቼው አላውቅም።»

 ኡኡታ አንዴ አፉን ከፍቷልና ቀጠለ፤ «ይሄ ባሌስትራ የተሠራው ለከባድ ጭነት ነው። እኛ ቀለልንበት። እሱ አልጎብጥ ሲል ድንጋዩን ሁሉ ለጀርባ ያቀብላል።»

በያጁ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ሄደ። በማግስቱ ግን ክሪኩን ይዞ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነበር። ያቺ ፊቷ የተጨፈለቀ መኪና አሁንም አሮጌ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ናት። ክፍሏን ከነዕቃዋ አስመዘኑ፤ አንድ መካኒክም የዚያች መኪና አክስል እንደሚችላት አረጋገጠላቸው። «ግን ከዚህ ሌላ እንዳትጨምሩባት» ብሎ አስጠነቀቃቸው። አክስሉን ገዝተው ገጠሙትና ጎማው የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች በአዲስ ቀየሩ። ቸርኬው ከመኪናቸው ጋር አንድ በመሆኑም አንዱ መለዋወጫ ጎማ፣ ስኮርታው፣ ለሁለቱም በቃ። ትልቁን አክስል በያጁ ለራሱ የብረት ጋሪ አደረገው፤ እዚያ ላይ ማንም አይተኛም።

ሁለተኛውን ሙከራ ሚስትየው ለማንም አልሰጥም አለች። «የምተኛበት እኔ፣ የምትሞክሩት እናንተ?» ብላ ወጥታ ጋደም አለች። ኡኡታ ነዳ። ያንን የድንጋይ መንገድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ግቢው ሲቆምና በሩን ሲከፍት ተኝታለች።

«ደረስን?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ቤት ነን።»

«ታዲያ ለምን ቀሰቀስከኝ?»

ወደ ሐይቁ የሄዱት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ኡኡታ በጣም ቀስ ብሎ ስለነዳ ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ነፋበት፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መንገድ ላይ የመኪናው የፊት ጎማ ተነፈሰ፤ ስኮርታውን ቀይረው ሳይመሽ ደረሱ።

ጠዋት ሚስትየው መስኮቱን ስትከፍት ውሃው ፊት ለፊቷ ነበር፤ ባሏ ግን የለም። አንገቷን አውጥታ ብታይ ጎማው ሥር ተንበርክኳል፤ መዳፉን የጎማው መሃል ላይ አሳርፏል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ኩሽኔታው እንዳልጋለ ልይ ብዬ።»

«ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ነገር እንዴት ብሎ ይግላል፣ አንተ ሰውዬ?»

ትንሽ አሰበበት። «እሱስ ልክ ነሽ» አለና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሳ።