አስር አለቃው ያልሰማው ጸሎት

ባለቤቴ ታዬና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ፋሻ ማጠብ ነበር። አዲስ ፋሻ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ያገለገለውን በበርሜል ቀቅለን፣ ድንጋይ ላይ አስጥተን፣ እሱ አንዱን ጫፍ ወጥሮ ሲይዝልኝ እኔ ከሌላው በኩል እጠቀልላለሁ። ፀሐዩ ገና አልበረታም። ብዙም አላወራንም። በጣም ደክሞን ነበር።

ይህን የምጽፈው ያንን ዘመን ላላዩት ነው። ከዘመቻው በፊት ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በታች፣ ሚስዮኖች በከፈቱት ትንሽ ክሊኒክ እንሠራ ነበር። እሱ ድሬሰር፣ እኔ ነርስ። ሕክምናና ወንጌል ለእኛ አንድ ሥራ ነበሩ። የሰፈሩን ሸማኔዎች ሳል እናዳምጣለን፣ ቁስል እናጥባለን፣ ለፈለገ እንጸልያለን። ደርግ ሲመጣ ፈረንጆቹ ሄዱ፤ ክሊኒኩ የመንግሥት ሆነ፤ የጸሎት ቤታችን በር ታሸገ። በኋላ የዘመቻ ትእዛዝ ደረሰንና ሁለታችንም በአንድ የሕክምና ክፍል ወደ ሰሜን ግንባር ተላክን።

ድንኳናችን ከአንድ መላጣ ኮረብታ ሥር ነበር። ውጊያው ከኮረብታው ማዶ ነው። ንጋት ላይ መድፍ ይጀምራል። ረፋድ ላይ ቃሬዛ ይደርሳል። ደም እናቆማለን፣ የሚተርፈውን ከማይተርፈው እንለያለን። የሚተርፈውን የአምቡላንሱ ሹፌር ከድር፣ የሸጎሌ ልጅ፣ ጭኖ ይሄዳል። ቀትር ላይ ቀና ብለን ውሃ እንጠጣለን። ከዚያ ደግሞ እንጀምራለን።

የፖለቲካ ካድሬው ገና እንደደረስን ታዬን ጠርቶ፣ ቁስለኛ ላይ ሲጸልይ ካገኘው ወደ ፊተኛው ምሽግ እንደሚልከው ነግሮታል። እዚያ የተላከ ድሬሰር ብዙ አይቆይም ነበር። ስለዚህ አዲስ ልማድ አወጣን። ዓይናችንን ሳንጨፍን፣ እጃችንን ከቁስሉ ሳናነሳ፣ ጎንበስ ብለን በቁስለኛው ጆሮ እንጸልያለን፤ እሱም ከጠየቀን ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያይ፣ የት እንደሚያመው የምንጠይቀው ይመስላል። ወታደሮቹ ያውቁ ነበር። ይቀልዱብናል እንጂ ማንም አልተናገረብንም። አንዱ፣ «ጴንጤው፣ መርፌህን ቀስ፣ ጸሎትህን ጠንከር አድርግልኝ» ይለው ነበር። ከድር እስላም ነው፤ መኪናውን ሲያስነሳ ታዬን፣ አንተ በበኩልህ ጸሎትህን ጨርስ፣ እኔ መንገድ ላይ በራሴ ዱዓ እቀጥላለሁ ይለዋል።

ፋሻውን ባጠብንበት ቀን ረፋድ ላይ አንድ አስር አለቃ በቃሬዛ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ሆዱን ተመትቷል። እንደማይተርፍ አየን። እሱም አውቆታል። የታዬን እጅ ያዘና ጸልይልኝ አለው። ታዬ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ካድሬው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ከክፍላችን አዛዥ ከሻምበሉ ጋር ያወራል።

አስር አለቃው ጥቂት ጠበቀ።

«አልሰማህም» አለ። «ፍንዳታው ጆሮዬን ደፍኖታል። ጮክ በልልኝ፣ ወንድሜ።»

ታዬ ቀና ብሎ በሩን አየ። ከዚያ እኔን አየ። እንዲተወው ፈልጌ ነበር፤ ገብቶታል። እንደገና ጎንበስ አለና በሙሉ ድምፁ «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረ። አስር አለቃው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ጸሎት ነው የመረጠለት። የሰውየው ከንፈር አብሮት ሄደ። አራት አምስት ቁስለኞችም ከተኙበት ተከተሉ። ሻምበሉ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ካድሬው እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ።

«ነግሬህ ነበር፣ ጓድ ታዬ» አለ። አልጮኸም። እሱም ደክሞታል።

አስር አለቃው ቀትር ሳይደርስ አረፈ። ከሰዓት በኋላ ታዬ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን ተከትሎ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ፊተኛው ምሽግ፣ እንዲወጣ ታዘዘ። እኔም ልሂድ ብዬ ካድሬውን ለመንኩት፤ ድንኳኑን ማን ይይዛል ብሎ ከለከለኝ። ታዬ የመድኃኒት ቦርሳውን እያነገተ፣ «ፀዳለ፣ ሰውየው እኮ አልሰማም ነበር» አለኝ። ከዚያ ኮረብታውን መውጣት ጀመረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ንጋት ላይ ምሽጉ ተሰበረ። መጀመሪያ መድፍ፣ ከዚያ ጠመንጃ፣ ከዚያ ዝምታ። ረፋድ ላይ ቃሬዛ ሲመጣ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ታዬ አልነበረበትም። አመሻሽ ላይ ከድር መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ምሽጉ መልሶ ሲያዝ፣ ቁስለኛ ላይ እንደጎነበሰ ነው ያገኘነው» አለኝ። እዚያው ቀብረውታል። ካድሬውም በዚያው ቀን ወደ ምሽጉ ወጥቶ አልተመለሰም።

ከሕክምና ክፍላችን አሥራ አራት ሆነን ሄደን አምስት ተመለስን። በኮረብታው ላይ የቀሩትን ወታደሮች ማን እንደቆጠራቸው አላውቅም።

ደርግ ወድቆ የጸሎት ቤታችን ሲከፈት፣ ታዬ ሰማዕት ነው፣ ቆመሽ መስክሪ አሉኝ። አልቆምኩም። አንድ የሚሞት ሰው ጸሎት ጠየቀው፤ ጆሮው ስላልሰማ ድምፁን ከፍ አደረገለት። ለታዬ እምነቱን መጠበቅ ይህን ያህል ነበር። ለእኔ ይህን መቀበል ብዙ ዓመት ፈጀ። አንዳንድ ቀን ዛሬም ይከብደኛል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በጉለሌ ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ መራመድ ያቃታቸውን የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል አክማለሁ።