ድምፅ የምታጋባዋ ከድጄ

ቡታጅራ ውስጥ ከድጄን የማያውቅ ካለ ቤቱ አሮጌ ቴፕ የሌለው ሰው ነው። ሱቋ ከገበያው ጀርባ፣ የበርበሬ ነጋዴዎቹ ተርታ መጨረሻ ላይ ናት። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መደርደሪያው ላይ የዱሮ ሸክላ ማጫወቻ፣ ባለ እንጨት ሳጥን ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ ቴፕ፣ ሁሉም ከየቤቱ ተለቃቅሞ የመጣ ተደርድሯል። ትጠግናለች፤ ዋናው ሥራዋ ግን ማጋባት ነው። የትኛው አምፕሊፋየር ከየትኛው ስፒከር ጋር እንደሚኖር እሷን ነው የሚጠይቁት።

«ዕቃም እንደ ሰው ነው» ትላለች። «ሁለት ጥሩ ሰው ተጋብቶ አልስማማ ሲል አላያችሁም?»

ሱቁ የወንድሟ ነበር። እሱ አዲስ አበባ ሲገባ ለሷ ተወላት። ያን ጊዜ የምታውቀው ሽቦ መበየድ ብቻ ነው። ማጋባቱን ጆሮዋ ቀስ እያለ አስተማራት። ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከፊቷ ያለው ሰውም ሱቁም ይጠፉባታል። ለስለስ ያለ ድምፅ ሲመጣ እንሰት ጓሮ ውስጥ የገባች ይመስላታል፣ አረንጓዴ ጥላ፣ እርጥብ ቅጠል። ሻካራ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ በረዶ የሚወርድበት ቆርቆሮ ይታያታል። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ታፍራለች።

ዘንድሮ አረፋ ሲቃረብ አባ ሰይዶ አስጠሯት። አባ ሰይዶ ከከተማው ወጣ ብሎ በርበሬ የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ይነግዳሉ። ልጆቹ ለአባታችን የመንዙማ ካሴት የሚሰማበት ደህና ነገር እንግዛለት ተባባሉና፣ እንደ አገሩ ልማድ ተከፋፈሉት። ታላቁ ሳላሀዲን ጥንዱን ስፒከር፣ ናጃህ አምፕሊፋየሩን፣ ትንሹ ሙከሚል ቴፑን። ግን አንዱ ሌላውን ምን ገዛህ ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም ከወንድሙ ከእህቱ ላለማነስ፣ ካገኘው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ምርጡን ገዝቶ ላከ።

ከድጄ እቤታቸው ደርሳ ገጣጠመችው። መንዙማው ጥሩ ጀመረ። የአባ ሰይዶ ጆሮ ትንሽ ደከም ብሏልና «ከፍ አድርጊው» አሉ። ከፍ አደረገችው። «አሁንም።» ጨመረች። ካሴቱ ሳይጋመስ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፣ አምፕሊፋየሩ ከሙቀቱ ብዛት ቀጭ ብሎ ራሱን አጠፋና ቤቱ ዝም አለ።

«ደከመው እንዴ?» አሉ አባ ሰይዶ።

«የዚህን ሰውዬ ነገር ማን ይችላል» አሉ ባለቤታቸው ሃፊዛ ከጓዳ። «እኔ ውሃ አቅርብልኝ ስል አይሰማም። ሥጋ ተቆረጠ ሲባል ግን ከማሳው ድረስ ይሰማል።»

ከድጄ አንዱን ስፒከር አዙራ ጀርባውን አየች። አራት ኦም ይላል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከስምንት አታሳንሱ ይላል። ይሄ ቁጥር ባነሰ መጠን ስፒከሩ የሚጠጣው ኃይል ይበዛል። ጥጃና በሬ ባንድ ቀንበር ማለት ነው።

«አባ ሰይዶ፣ ሁለቱ አይሆኑም። ወይ ስፒከሩ ይቀየር፣ ወይ አምፕሊፋየሩ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከድጄ ልጄ» አሉ፣ «ሳላሀዲን ለስንት አረፋ ሳይመጣ ቀረ። በበርበሬ ማሳው ተጣልተን ክፉ ቃል ተናግሬው ነበር። አሁን ስፒከሩን ሲልክ ‹ድምፁን መጥቼ እሰማዋለሁ› ብሏል። መጥቶ ዕቃውን ጎተራ ውስጥ ተጥሎ ቢያገኘው ተመልሶ ይሄዳል። የናጃህንስ ባነሳ? እሷ ናት እንዲመጣ የለመነችው። የማንን ስጦታ ላንሳ?»

ከድጄ ያን ቀን ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ ያ ጥያቄ ይከተላት ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ወልቂጤ ወረደች። እዚያ ከመናኸሪያው ጀርባ ወልደአማኑኤል የሚባል የዱሮ ዕቃ ነጋዴ አለ፤ ለወንድሟም ጓደኛው ነው። ነገሩን ስትነግረው ሳቀ።

«አንቺ እኮ ቴክኒሻን መሆንሽ ቀርቶ የሰፈር ሽማግሌ ሆነሻል። እንኪ፣ ይሄ አምፕሊፋየር ለማንም ስፒከር አይበገርም። ውሰጂና አስቀምጪለት።»

«የናጃህስ?»

«የናጃህ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ መብራቱ ብቻ ይብራ። ማን ያውቃል?»

ከፍቶ አሰማት። ዓይኗን ጨፈነች። ጉልበቱ ልክ ነው፤ ግን ድምፁ ስብሰባ የሚጠራ ሰውዬ ነው የሚመስለው። ያችን ውሸት ደግሞ አልፈለገቻትም። አመስግናው ባዶ እጇን ተመለሰች።

አረቅጥ አካባቢ ጉም ወረደ። ሾፌሩ መንገዱ ስለጠፋበት ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረና የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። ሲጮህ ማንም ያላዳመጠው ዘፈን ነበር። አሁን ሲያንሾካሹክ ወሬው ቆመ። ከኋላ ያሉት ወደፊት አዘነበሉ፣ አንዲት ሴትዮ የልጇን አፍ በእጇ ያዘች። ውጭው ነጭ ነው፤ ዛፍ ይመጣል፣ ይቀልጣል። ከድጄ ደመና ውስጥ የምትሄድ መሰላት። እዚያ ደመና ውስጥ ነው ነገሩ የገባት፤ እነዚያን ዕቃዎች ያጣላናቸው እኛ ነን፣ ስናስጮሃቸው።

በአረፋ ዋዜማ አባ ሰይዶ ቤት ሄደች። ሁለቱን ስፒከሮች አስከትላ፣ እንደ ሰንሰለት፣ ባምፕሊፋየሩ አንድ ወገን ብቻ አሰረቻቸው። አራትና አራት ስምንት፤ ያን ያምፕሊፋየሩ ትከሻ ይችለዋል። መንዙማውም በአንድ ማይክ የተቀዳ ስለሆነ ከግራና ከቀኝ የሚለይ ነገር የለውም። ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ስፒከሮቹን ከግድግዳው አውጥታ ወደ ሽማግሌው ምንጣፍ አስጠጋቻቸው፣ አንዱን ለዚህኛው ጆሮ፣ አንዱን ለዚያኛው።

«ከዚህ በላይ አይጮህም፣ አባ ሰይዶ። መስማት የፈለገ ይቀመጥ።»

አባ ሰይዶ አዳመጡ። «የሚያዜሙት ሰዎች ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል» አሉ።

በአረፋ ቀን ግቢው ሞላ። ናጃህና ሙከሚል በጠዋት ገቡ። ከድጄም ተጠርታ ነበርና በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሳላሀዲን የመጣው፣ ሰው ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመ። ፂሙ ሸብቷል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሁሉም። አባ ሰይዶ ብቻ አልመለሱም። አልሰሙም ወይስ ምን፣ ማንም አላወቀም።

ሳላሀዲን ትልልቆቹን ሳጥኖች አየና፣ «ይሄ ሁሉ ስፒከር ይቺን ድምፅ ነው እንዴ የሚያወጣው?» አለ ለእህቱ።

«ከዚያ ሆነህ አይሰማህም» አለች ናጃህ። «ሂድ፣ ጠጋ በል።»

ጫማውን አወለቀ። ምንጣፉን ተራምዶ ሄደና ከፍ ሊያደርገው እጁን ወደ አምፕሊፋየሩ ሰደደ። አባ ሰይዶ እጁን ከላይ ያዙት።

«ተወው» አሉ። «እዚህ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ትከሻው የአባቱን ጉልበት ነካ። አባ ሰይዶ እጁን አልለቀቁም፣ እሱም አልሳበም። ሃፊዛ ሳህን ይዘው መጥተው ነበር፤ መሬት አስቀመጡትና እሳቸውም ቁጭ አሉ።

ከድጄ ዓይኗን ጨፈነች። በኋላ ካሴቱ አንዱን ፊት ጨርሶ ባዶው ሽው ሽው ሲል ሰማች፣ በእንሰት ቅጠል ላይ እንደሚሄድ ነፋስ። ሊገለብጠው የተነሳ ሰው አልነበረም።