አረቅጥ ሐይቅ ላይ ሸራ የያዘችው ልጅ

አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም። ቡታጅራ ተወልጄ፣ ምጽዋ ላይ ወታደር ሆኜ ባሕር ለመድኩ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ተቀጥሬ፣ ፈረንጆች ቆመው በነፋስ የሚነዱትን ባለ ሸራ ሰሌዳ አስተምር ነበር። እሱም ሲሰለቸኝ ሆቴሉ የጣለውን አንድ አሮጌ ሰሌዳ ከነሸራው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወደ ተወለድኩበት ከተማ ተመለስኩ። መናኸሪያው ውስጥ ያየኝ ሁሉ "ምንድን ነው እሱ? በር ነው?" ይለኛል። ሐይቅ ወደሌለበት ከተማ ይህን ተሸክሞ የሚገባ እብድ ከእኔ በቀር አይገኝም።

የወጣቶች ክበቡ ግን ተቀበለኝ። ሰሌዳውን የኳስ ሜዳው ዳር አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጬ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ልጆቹን አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። ጎማው ስለሚዋልል ሚዛኑን ያልጠበቀ ከነሸራው አቧራ ላይ ይዘረጋል። የሰፈሩ አራዳ ሁሉ ተሰብስቦ ይስቃል። እኔም እጮሃለሁ፦ "ያዝ! ጎንበስ በል! ልቀቅ እንጂ አንተ!" ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ወደ አረቅጥ የሚወጣ ኢሱዙ ስናገኝ ሰሌዳውን ጭነን እንሄዳለን። የአረቅጥ ሐይቅ ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ሣር፣ ውሃው አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ። ዋና ያልቻለ ሰሌዳው ላይ አይወጣም፤ የቻለም ጀርባው ላይ ባዶ ጀሪካን ሳያስር አይወጣም። ነፋሱ ሐይቁ መሃል ላይ ድንገት ጸጥ የማለት ዓመል ነበረው። ያኔ ልጆቹ ሁሉ ይደነግጣሉ። በእጃቸው ሲቀዝፉ፣ ሸራውን ሲያርገበግቡ፣ ደክሟቸው ይወድቃሉ፤ በገመድ ጎትተን እናወጣቸዋለን።

አንዲት ልጅ ብቻ አትደነግጥም። የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቱ ያልመጣላት። ነፋሱ ሲጠፋ ሸራውን ውሃው ላይ አስተኝታ ቁጭ ትላለች። ሻሿን አጥብቃ ታስርና ዝም ብላ ውሃውን ታያለች። ውሃው ከሩቅ መሸብሸብ ሲጀምር ትነሳለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ራሴ ግን አድርጌው አላውቅም።

ሌሎቹን ሴቶች ያመጣችውም እሷ ናት። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ውሃ የሚሰዱት እሷን አምነው እንጂ እኔን አምነው አልነበረም። እሷ ከሌለች አንዷም አትመጣም።

አረፋ ሲደርስ ታዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ለአረፋ የአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ አገር ቤት ይገባል፤ ሲመለስም ሱቅ የሚያለማምደው አንድ ወጣት ይዞ ይሄዳል። አጎቷ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አለው። ዘንድሮ ከልብስ ሰፊው ቤት ሰው እንደሚወስድ ተወራ፤ እሷን ይሁን ወንድሟን ግን ማንም አያውቅም።

አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ወንበር ቢሰጠኝም አልተቀመጥኩም።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ ነው የሚወስነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ። "ሲመጣ አናግረው።"

ሰው በንግግር ማሳመን አልችልበትም። አጎትየው ሐይቁ ላይ ቢያያት ግን ይህችን ልጅ ሱቅ ውስጥ መዝጋት ግፍ መሆኑ ይገባዋል ብዬ አሰብኩ። በዓሉ ሳያልቅ ልጆቹን ሰብስቤ ወጣን፤ አጎትየውንም ጋብዤው በፒክአፑ ተከተለን።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ ሲወርድ፤ ነጭ ጀለቢያውን በእጁ ሰብስቦ ሣሩ ላይ ቆመ።

ልጅቷ ተነሳች። ሸራው ሞላ፤ ሐይቁን አጋምሳ ስትበር ልጆቹ አፏጩ። እኔም ልቤ ሞቀ። ከዚያ ነፋሱ ቀጥ አለ። እሷ እንደ ልማዷ ቁጭ አለች። እኔ ዳር ለዳር መንጎራደድ ጀመርኩ። አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ አጎትየውን አያለሁ።

"ምን ያዋክብሃል?" አለኝ። "ልጅቷ እኮ ተረጋግታለች። ለምንድን ነው የማትቀዝፈው?"

አፌን ከፈትኩ። የሚቀዝፍ ሰው ነፋሱ ሲመጣ ደክሞት እንደሚገኝ፣ ከስንቱ ልጅ ይህን የቻለችው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ውሃ ማንበብ እንደምታውቅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ውሃው ከሩቅ ሲሸበሸብ ልጅቷ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ሸራዋን አነሳች፤ ዞራ ሳትወድቅ እግራችን ሥር ደረሰች።

አጎትየው ራሱን ነቀነቀ። "ወንድሟን ልወስድ ነበር የመጣሁት" አለ። "ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንዶቹ በር ላይ ይቁነጠነጡብኛል፤ ደንበኛ ደግሞ የተጨነቀ ሻጭ ሲያይ አልፎ ይሄዳል። እሷን ነው የምወስደው፣ ኢንሻአላህ። አላህ ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገህ አስተምረሃታል።"

በገዛ አፌ ነው የሸኘኋት።

ስንመለስ ኢሱዙው ላይ ጋቢ ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

"ጋሼ፣ አኮረፉ እንዴ?"

"ለምን አኮርፋለሁ?"

"መርካቶን ስመኘው ነው የኖርኩት። ሁልጊዜ ወንዶቹን ነበር የሚወስዱት" አለችና ሳቀች። ጥርሷ ከብርዱ የተነሳ ይንገጫገጫል። "ዛሬ አጎቴ እያየኝ ባይሆን ያንን የውሃ ብርድ አልችለውም ነበር።"

ተናደድኩ። ቀጥሎ ደግሞ ደስታዋን ሳይ መናደዴ አሳፈረኝ። እንድትሄድ አልፈለግኩም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግን በሕይወቴ ለሰው "አትሂድ" ብዬ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚባልም አላወቅኩበትም።

"ብርድ እንዳይመታሽ ተጠቅለዪ" አልኳት።